ረድእ ማለት ረዳት ነው

የተወደዳችሁ የጎንደር ልጆቼ፥

ብዙ ዓመት በጤና ሙያ ያገለገልሁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ያስተማርሁ አባታችሁ ነኝ። ደቀ መዝሙርነትን ከጉባኤና ከስልክ ስብከት ብቻ ስትጠብቁ ስለማይ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በግእዙ ወንጌል ደቀ መዝሙር «ረድእ» ይባላል፤ ቃሉም ረዳት ማለት ነው። አባቶቻችን ተማሪን በረዳትነቱ መጥራታቸው እንዲያው አይመስለኝም። የአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት የሚቆምበት የዜማ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ በሆነችው በበአታ ለማርያምም ሆነ በሌሎቹ አድባራት፣ የቆሎ ተማሪ ከየኔታ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ፣ ውኃ እየቀዳና እንጨት እየለቀመ ሲኖር፣ ከዜማው ጋር የኔታ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ሲያዝኑ እንዴት እንደሚጸልዩ፣ ሲጎድልባቸውም እንዴት እንደሚታገሡ እያየ ያድጋል። ጌታችንም አሥራ ሁለቱን የመረጠው፣ ማርቆስ በምዕራፍ 3 እንደጻፈው፣ አስቀድሞ ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ፣ ከዚያም ለስብከት ሊልካቸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ተቀምጦ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ እነርሱም በኋላ በምኩራብ ይሰብክ የነበረውን አጵሎስን ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት። በሕዝብ ፊት አላረሙትም፤ ይህን ልብ በሉ።

እኔ ነገሩን ያየሁት በሥራዬ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ልኮ፣ ከሕዝቡ መካከል እየኖሩ ሙያውን እንዲለምዱ ያደርግ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጊዜ ከመስክ ከታሰበው አንድ ቀን ቀድመን ተመለስን። ታላቅ ባልደረባዬ የዚያን ቀን የውሎ አበል ቆጥሮ ለገንዘብ ያዡ እንድመልስለት ሰጠኝ፤ ስለ ታማኝነት አንድ ቃል አልተናገረኝም። ደረሰኙን ሳመጣለት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሕሙማኑ ገባ። በኋላ እኔም ኃላፊ ሆኜ አበል በፈረምሁ ቁጥር እርሱ ትዝ ይለኝ ነበር።

ጸጸቴንም ልንገራችሁ። ድካሜንና ቁጣዬን እንዳያዩ ፈርቼ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ቤቴ አላስገባሁም። ባለቤቴን በኃይለ ቃል ተናግሬ ማታ ይቅርታ ስጠይቃት ያየኝ ተማሪ ቢኖር፣ ስለ ንስሓ በሰሌዳ ከጻፍሁለት ይልቅ በጠቀመው ነበር።

ረድእነት ግን ሎሌነት አይደለም። ሥራውን በወጣት ጫንቃ ጥሎ የሚቀመጥ መምህር የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውን ጌታ አልተከተለምና ከእርሱ ራቁ።

በሃይማኖቱ የጸና ታላቅ ሰው ፈልጉና ለቅሶ ሲደርስ፣ የተጣላ ሲያስታርቅ፣ ገበያ ሲወጣ ተከተሉት። እናንተም አንድ ወይም ሁለት ታናናሾችን አስከትሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆኑ ማዕድ አብሮ መቅረብ ያስቸግራል። ከሩቅ ገጠር መጥተው ጠያቂ ያጡ ሕሙማን በሆስፒታሉ ዘወትር አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ምግብ ይዤ እሄዳለሁ፤ መሶቡን ሊያግዘኝ የሚፈልግ በሩ ላይ ያገኘኛል።