አዳማ፦ ጎርፉ ይቅደም ወይስ ልቀቱ?

የከተማዋ ነዋሪዎች ስለ አየር ንብረት በጀት ለጠየቁት ጥያቄ የተፋሰስ ባለሙያ የሰጠው መልስ።

ጥያቄ፦ ብሩ ያው አንድ ነው። ለጎርፍ መከላከያ ይዋል ወይስ ልቀት (አየሩን የሚያሞቁ ጋዞችን) ለመቀነስ?

መልስ፦ የከተማው ብር ከሆነ ለጎርፍ። ልቀት ሲቀንስ የሚጠቀመው ዓለም ሁሉ ስለሆነ ወጪውንም ከውጭ ፋይናንስ መጠየቅ ያስኬዳል። የሰፈራችንን ቦይ ግን ማንም መጥቶ አይጠርግልንም። ደግሞ የአገራችን ልቀት በአብዛኛው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን ምንጠራ ነው፤ የከተማ ድርሻ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ የነፋስ ኃይሉስ? እሱ ልቀት ቅነሳ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ልቀትም ይቀንሳል፣ ድርቅን ለመቋቋምም ይረዳል። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ናቸው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ የግድቦች ውሃ በሚጎድልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በድርቅ ዓመት መብራቱን ይደግፋል። እቅድ አውጪዎች ይህን ጥቅም መቁጠር ይረሳሉ።

ጥያቄ፦ ኮረብታው ላይ ባህር ዛፍ ብንተክል ሁለቱም አይሟላም?

መልስ፦ ካርቦን ይይዛል፣ ጎርፍ ግን አያቆምም። ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ሲጠረግ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። መጀመሪያ ትሬንች፣ ማለትም በተዳፋቱ ላይ ውሃ የሚይዝ አጭር አግድም ቦይ፣ ይቆፈር። ሂሳቡን ይዩት፦ በ1 ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 60 በመቶው ቢወርድ 300 ይሆናል። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ትሬንች 0.75 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ 400 ትሬንች ያስፈልጋል። ያን ያህል ካልተቆፈረ ለትርፉ ውሃ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ ይበጅ። ትሬንቹ በውሃ ልክ ካልተለካ ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ተከማችቶ ይሰብረዋል፤ ከታች ያሉትንም ተራ በተራ ይበጥሳቸዋል። 25 ሴንቲ ሜትር ደለል ከገባ ግማሹ አቅም የለም ማለት ነው። ችግኙ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ለእኛ አየር ግራር ይሻላል።

ጥያቄ፦ የቆቃ ግድብስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ከላይኛው አዋሽ የሚወርደው ደለል ኃይል ማመንጫውንም ጎርፍ የመያዝ አቅሙንም ይበላል። እርከን እዚያ ቢሠራ ሁለቱም ይድናሉ። ግን ሥራው ከእኛ በላይ ባሉ ወረዳዎች ስለሆነ ከተማዋ ብቻዋን አትወጣውም።

ጥያቄ፦ ቦዩ በየዓመቱ ተጠርጎ ለምን ይሞላል?

መልስ፦ የሚወጣው አሸዋ ዳር ላይ ተከምሮ ስለሚቀር! የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ጠረጋው ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቅ፤ ውል ሲፈረም አሸዋውን በመኪና ማንሳቱም አብሮ ይጻፍ።