ግቢው ለጠበበበት መምህር

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቋንቋና ታሪክ ነው የሚያጠኑት። ዘንድሮ ዘላቂ ግብርና አስተምር ተባልኩ። ያለን መሬት ከአንድ መማሪያ ክፍል አይሰፋም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከባቄላ ይጀምሩ። እኔ ኮምቦልቻ አካባቢ ሳስተምር የመጀመሪያውን ወር ሰሌዳ ላይ ጨረስኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባቄላው ሲያብብ አንዱን ከነሥሩ ቀስ ብለው በአካፋ ያውጡት። አፈሩን በውኃ ያጥቡለት። ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቋቸው። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ እባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ለሰብል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከአየር እየያዙ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ገና አልጀመሩም፣ ወይም አቁመዋል። አንዷ ተማሪዬ ይህን አይታ «አባቴ ከባቄላ በኋላ ገብስ የሚዘራው ለካ ለዚህ ነው!» አለች። ያቺን ቀን አልረሳትም።

የታሪክ ተማሪዎችዎን ደግሞ ሽማግሌዎች ዘንድ ይላኳቸው። በ1977ቱ ድርቅ የትኛው ዘር እንደተረፈ፣ በልግ ሲቀር ምን ይዘሩ እንደነበር ይጠይቁ። የቋንቋ ተማሪዎቹ የማሽላ ዝርያዎችን ስም ይልቀሙ፤ የወሎ ገበሬ ለማሽላው ስም አያጣም።

ለመሬቱ አይስጉ። አራት መደብ ይበቃዎታል። አንዱን ለባቄላ ይተዉት።