አፈሳ አትጠብቂ

«ለገሃሬ ነው የምኖረው። ማታ ማታ ደጃችን ላይ ባጃጅ አቁመው ሙዚቃ የሚለቁ፣ ጠርሙስ የሚሰብሩ ልጆች አስቸገሩን፤ መንግሥት ምን ያደርግልናል?» ላልሽው፦ እኛም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ላይ ሁለት ዓመት ቀምሰነዋል።

መጀመሪያ ፖሊስ ጠራን። ፓትሮል መጣና ጥጉ ላይ ያገኘውን ሁሉ ጭኖ ሄደ፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣውን የጎረቤቴን ልጅ ጨምሮ። በማግስቱ ሁሉም ተፈቱ። ሙዚቃው ባሰበት፣ «ማነው የደወለው?» የሚል ፍለጋም ተጀመረ። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። «እከሌ ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ» የሚል ምስክር ከሌለ ፖሊስ ምን ይዞ ይቅረብ?

«በቦዘኔ አዋጁ ይታሰሩ» ያላችሁ ደግሞ፣ አቦ ተዉ! አዋጅ ቁጥር 384/1996 የሚለው መተዳደሪያ የሌለውን ነው፤ ዋስትናም ይከለክላል። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ሥራ አለው። የነዚህ ጥፋት በወንጀል ሕጉ መጨረሻ ያለው ደንብ መተላለፍ ነው፤ እስራቱ ከ3 ወር አያልፍ፣ መቀጮው ከ300 ብር። ሕጉ ሲወጣ 300 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ደህና ጫት እንኳ አይገዛም።

የሠራልን ሌላ ነው። ልጆቹ ከበርጫ፣ ማለት ጫት ከሚቅሙበት ተነስተው ለጨብሲ፣ የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ለመስበር የሚመጡት ጥጉ ላይ ወዳለች ግሮሰሪ መሆኑን ያዝን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የባጃጆቹን ታርጋ ሦስት ሳምንት መዝግበን፣ 11 አባወራ ፈርመን ለደንብ ማስከበር አስገባን፤ ግልባጩን ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል። ልጆቹ ጣቢያ አይፈሩም፣ ባለግሮሰሪው ግን ፈቃዱን ይፈራል። በሳምንቱ በጊዜ መዝጋት ጀመረ። የመንገድ መብራቱን ለማስጠገን ስንመላለስ ከርመን፣ በመጨረሻ አዋጥተን አምፖል አጥር ላይ ሰቀልን።

ከሁሉም በላይ ግን ቡና የምትሸጠው የሰፈራችን እናት ናት። ድሬ አንቱታ የለም አይደል፤ ሄዳ «ዋሪያ፣ አንተ የእከሊት ልጅ አይደለህም? ልጥራት?» ስትል ድምፁ በአንዴ ወረደ።

ሴት ልጅን መጎተት ካለበት ግን ለሽማግሌ አትስጪው፤ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሂጂ። እኛ «የሰፈር ልጅ ነው» ብለን አንዱን አልፈነው እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ጠርሙስ ይሰበራል። ጠዋት የምንጠርገው ግን አንድ ሁለት ነው፤ ድሮ በማዳበሪያ ነበር የምንለቅመው።