ጥፋቱ የድንጋዩ ሳይሆን የምድጃው ነው

ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙ በማይርቅ ቤተ ሙከራ የምትሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ከሊማሊሞ የመጡ የባዛልት ናሙናዎችን ደረጃ በደረጃ እያሞቅሁ ጥንታዊውን የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ እፈልጋለሁ። እስከ 300 ዲግሪ ደህና ነው። ከ400 በኋላ ግን የመግነጢስነታቸው ጥንካሬ መውረዱን ትቶ ይወጣል፤ አቅጣጫቸውም ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል። መግነጢስ የመቀበል መጠናቸው ግን ብዙም አልተለወጠም። ምድጃው ባለፈው ዓመት ተቃጥሎ ተጠግኖ ነበር። ጥፋቱ የድንጋዩ ነው ወይስ በአጠገባችን የሚያልፈው የቀላል ባቡር?»

ባቡሩን ተይው፣ ልጄ። መስመሩ 750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ መግነጢሳዊ መስኩ ባቡር ሲነሳና ሲቆም ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ልኬትሽን ይረብሽ ይሆናል እንጂ ናሙናዎችሽን በሙሉ ወደ አንድ ወገን አሰልፎ አያቆምም። ድንጋዩንም አትውቀሺ። ሲሞቅ አዲስ ማግኔታይት፣ ማለትም መግነጢስ የሚይዝ የብረት ማዕድን፣ የሚያበቅል ድንጋይ አለ፤ ያ ቢሆን ግን መግነጢስ የመቀበል መጠኑ አብሮ ይዘል ነበር። እኔ «ተጠግኖ ነበር» የምትለው ላይ ስደርስ ነው ቀሪውን ማንበብ ያቆምኩት። የጠረጠርኩት የተቀየረውን የማሞቂያ ሽቦ ነው።

ካቻቢቴ ሳታነሺ ይህን ሞክሪ። ከአንድ ቁፋሮ የወጡ ሁለት ናሙናዎች ውሰጂ፤ በላያቸው ከተሳለው የአቅጣጫ ምልክት የአንዱን ቀስት ወደ ምድጃው በር፣ የሌላውን ወደ ኋላ አዙረሽ አስቀምጪ፤ 450 ዲግሪ አሙቂና አቀዝቅዘሽ ለኪ። አዲሱ መግነጢስነት በየናሙናዎቹ ቀስት ሲታይ ተቃራኒ ከሆነ፣ አቅጣጫውን የሰጣቸው ምድጃው ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ይህን ወሬ ከጀመርኩ እንደማላቆም የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ማግኔታይት ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል የያዘውን መግነጢስነት ይጥላል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያች ሰዓት በዙሪያው ያለውን መስክ አቅጣጫ ይይዛል፤ ከያዘ በኋላም በቀላሉ አይለቅም። ለዚህ እሳተ ገሞራ አያስፈልግም። በእንጨት እሳት በደንብ የተተኮሰ የሸክላ ምጣድ ሁሉ የቀዘቀዘበትን ቦታ መስክ በሆዱ ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት በርናር ብሩን እ.ኤ.አ. በ1906 ይፋ ያደረገው ግኝት በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ላቫውንና ከሥሩ በላቫው ግለት የተጠበሰውን የሸክላ አፈር ለካ፤ ሁለቱም ከዛሬው መስክ በተቃራኒ ዞረው አገኛቸው። ላቫው ብቻውን ቢሆን «የድንጋዩ ጠባይ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሸክላውም አብሮ ሲመሰክር ግን የተገለበጠው የምድር መስክ ራሱ ነው ማለት ተቻለ። ዛሬ የመጨረሻው ግልበጣ ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ይታወቃል። ያንቺ የሊማሊሞ ባዛልት ደግሞ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን የያዘውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማጥፋት ያሳዝናል።

ድንጋዩ የላቫን ቅዝቃዜና የምድጃሽን ቅዝቃዜ ለይቶ አያውቅም። 450 ዲግሪ ባደረስሽው ቁጥር እስከዚያ ሙቀት ድረስ የሚለቁት ቅንጣቶች ባዶ ይሆናሉ፤ ሲቀዘቅዙ ምድጃው ውስጥ መስክ ካገኙ እሱን ይይዛሉ። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የጥንቱ ድርሻ ያንሳል፣ የምድጃው ይበዛል። እስከ 300 ያልታየሽ ለዚህ ነው።

አሁን እንክፈተው። መጀመሪያ ግን ከብሬከሩ አጥፊ። የምድጃው ማጥፊያ አይበቃም፤ ሶኬቱ በሁለቱም በኩል ስለሚገባ ማጥፊያው የሚቆርጠው ቮልት የሚያመጣውን ፌዝ ሳይሆን መመለሻውን ኒውትራል ሊሆን ይችላል። ያኔ ምድጃው ጠፍቶ ሽቦው 220 ቮልት ይዞ ይጠብቅሻል።

የኋላ ክዳኑን ፍቺና ሽቦውን እዪ። ትክክለኛው ሽቦ ሄዶ በራሱ ጎን ይመለሳል፤ የመሄጃውና የመመለሻው ጅረት መስክ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ያንቺው እንደ ምጣድ ሬዚስታንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተጠምዝዞ ከሆነ፣ የጠገነው ሰው መግነጢስ የሚሠራ ጥቅል ነው የገጠመልሽ። «ሲቀዘቅዝ ጅረቱ ጠፍቷል፣ ምን ያመጣል?» ትይኛለሽ። ጅረቱ በድንገት ሲቋረጥ፣ የውጭው መስክ እንዳይገባ ምድጃውን በሚጋርደው የመከላከያ ቱቦ ላሜራ ላይ የሚቀር መግነጢስ አለ። ሽቦው ራሱ ደግሞ የብረት ቅይጥ የሆነው ካንታል ከሆነ፣ ከ600 ዲግሪ ገደማ በታች መግነጢስ ይስበዋል። ከተረፈው ሽቦ ቁራጭ ይዘሽ ሌላ ክፍል ሂጂና ማግኔት አስጠጊበት፤ ማግኔቱን ወደ ምድጃውም ወደ ናሙናዎቹም እንዳታቀርቢ። ከተሳበ ጣይው፣ መግነጢስ የማይስበውን የኒክሮም ሽቦ ግዢ። ፒያሳ የነበሩት ዕቃ ሻጮች ከተነሱ ወዲህ መርካቶ ድረስ መሄድ ሊኖርብሽ ነው፤ እዚያም «ኒክሮም ነው» እያሉ ያገኙትን ይሸጡልሻል። ማግኔትሽን በኪስሽ ይዘሽ ሂጂ። ቡሎንና ዳዶዎቹንም እንደዚሁ ፈትሺ፤ ነሐስ የነበረውን በርካሽ ብረት መተካት የተለመደ በሽታ ነው።

መከላከያው ሙ-ሜታል ነው፤ አብዛኛው ኒኬል የሆነ፣ ቅንጡ ላሜራ። ከጎበጠ፣ በመዶሻ ከተመታ ወይም ብየዳ ከነካው ጥበቃው ይወርዳል። የብየዳ ምልክት ካየሽበት አትድከሚ፣ መቀየር ነው። ጤነኛ ከሆነ መግነጢሱን አራግፊ፦ በቱቦው ውስጥ ገመድ ጠምጥመሽ ተለዋዋጭ ጅረት በቫሪያክ (ቮልቱን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) ከፍ አድርጊ፣ ከዚያ በጣም ቀስ እያልሽ እስከ ዜሮ አውርጂ። መሃል ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ለዚህም እጅሽን ወደ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት ብሬከሩን አጥፊ፣ በቴስተር ለክተሽ አረጋግጪ።

አንድ ነገር ደግሞ ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ አይነግርሽም። እኛ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን መስኩ መሬት ላይ የተኛ ያህል አግድም ሆኖ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ጥንካሬው በመስክ መለኪያው አሃድ ወደ 36,000 ናኖቴስላ ነው። የመከላከያው ቱቦ በርዝመቱ የሚመጣበትን መስክ በደንብ አይከላከልም። ስለዚህ ምድጃውን በሰሜንና ደቡብ አታጋድሚው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አዙሪው። ከዚያ በመስክ መለኪያ የማቀዝቀዣውን ክፍል ለኪ። ከ10 ናኖቴስላ በታች ካነበበ ሥራ ጀምሪ። መቶዎችን ካነበበ ማራገፉን ድገሚ።

እስከ 450 ያሞቅሻቸው ናሙናዎች የጥንቱን ቅሪት ከ450 በላይ በሚለቁት ቅንጣቶቻቸው ይዘው ሊሆን ይችላል፤ በተጠገነው ምድጃ ከ450 ጀምረሽ ቀጥያቸው። ከ580 ያለፉትን ግን ተያቸው፤ ከዚያው ቁፋሮ የቀረ እህት ናሙና ካለሽ በእሱ ጀምሪ።