ገርማኒስቲክ ልማር ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ጀርመን አገር ገርማኒስቲክ ልማር አስቤያለሁ፤ ሰዋስው ብቻ ነው እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም፤ ገርማኒስቲክ የጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥናት ነው። እንደውም ሰዋስውን ጨርሰሽ እንድትመጪ ነው የሚጠበቀው። አብዛኛውን ጊዜ ለመግባት ሲ1 (ከፍተኛ የቋንቋ ችሎታ) አካባቢ ያለ ደረጃ ይጠየቃል፤ ዴኤስሃ ወይም ቴስትዳፍ የሚባል የጀርመንኛ ችሎታ ፈተና ትፈተኛለሽ።

ዋና ዘርፎቹ ሦስት ናቸው፦ ሥነ ልሳን፣ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍና የመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ። ብዙ ሰው የሚፈራው የመጨረሻውን ነው። እኔ ደግሞ የወደድኩት እሱን ነው። ዛሬ «አርባይት» ሥራ ነው። በ1200 አካባቢ በተጻፉ ግጥሞች ግን ቃሉ መከራና ድካም ማለት ነበር። «ሆኽጻይት» ዛሬ ሠርግ ነው፤ ያኔ ማንኛውም ትልቅ በዓል። አንዲት ቃል ይዘሽ ስንቱን ታያለሽ!

አማርኛሽ ይረዳሻል፣ እውነቴን ነው። «ቫይል ኢኽ ካይነ ጻይት ሃበ» ሲሉ ግሱ («ሃበ») መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ልክ እንደኛ «ጊዜ ስለሌለኝ»። የስም ጾታ በሚያሳዩት «ደር፣ ዲ፣ ዳስ» ላይ ግን ብዙም አቋራጭ የለም። እያንዳንዱን ስም ከነጾታው በቃልሽ ያዢ።

ደግሞ ስለ ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ አንብቢ። ኢትዮጵያዊው ካህን አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው አብረውት ሠርተዋል። እሱም በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ እንዲህ ያለ ርዕስ ብትይዢ፣ ግዕዝና አማርኛ የማያነብ ተማሪ የማያየውን ታያለሽ።