ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ቤታችን ባዶ ሆኖ ተገኘ

ይህን የምጽፈው ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቨርጂኒያ 22 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። በነዚያ ዓመታት ብዙ አዲስ መጪ ተቀብያለሁ። ከኤርፖርት አምጥቼ፣ ሶፋ ላይ አስተኝቼ፣ ሥራ አስገብቼ። እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቁ እያየሁ ግን ዝም አልኩ። ሰው ይቀየመኛል ብዬ። ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደውላ "ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ ሽፍቴም አይመችም፣ ቅዳሴውን በስልክ እከታተላለሁ" አለችኝ። ልክ እኔ እል የነበረውን። እንግዲህ የሚቀየም ይቀየም፤ ውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ ምክሬ ይኸው።

1. ወረቀት

ፓስፖርቱን፣ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን)፣ ውክልናውን ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ፤ በ2012 በኮሮና ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ወረቀቱ ያለፈበት ሰው ስንት እንደተንገላታ አይተናል።

2. ገንዘብ

ለደብራችሁ ጉልላት፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለጄኔሬተር ታዋጣላችሁ። እሰይ፣ አድርጉ። ግን የቆሎ ተማሪውን አትርሱት። ያ ልጅ የሚኖረው "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ደጅ ለደጅ ለምኖ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ እሱ የት ደጅ ይቁም? ዋድላ ላይ ቅኔ የሚቆጥረው ልጅ ነገ እናንተ ጋ መጥቶ የሚቀድሰው ካህን ነው። ላሊበላም እንደዚያው። እንግዳ ሲቀር በ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚኖረው ሰው እንጀራው ነው የቀረው። እኛ ግን ላሊበላን የምናስታውሰው ለገና ፎቶ ስንለጥፍ ነው። ለምርቃት ቀን አንዴ ከሚላክ ብዙ ብር፣ በየወሩ ለአንድ የአብነት ተማሪ የምትደርስ ትንሽ ብር ትበልጣለች።

3. የስልክ ቅዳሴ

መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ ሲባል እኛ ዘንድ ነገሩ ቀደም ብሎ ጀምሮ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ሰሞን በሩን ዘጋ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። "እምነት የላቸውም፣ ለበሽታ ብለው ቤተ ክርስቲያን ይዘጋል ወይ?" ተባለ። እኔ ያኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ሳል ይዞ ሲገባ በሳምንቱ ስንት አልጋ ባዶ እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። አባቶች በሩን በመዝጋታቸው አልወቅሳቸውም። የወንድምህን እናት ላለመግደል ቤትህ መቀመጥም ክርስትና ነው።

ደግሞ ከሩቅ መሳለም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ገዳሙን ከማዶ ሆና ነው የተሳለመችው። ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ፣ ውሃውን እያየች ሦስት ጊዜ ትሰግድና ትመለሳለች። ገብቼ ካላየሁ ብላ አታውቅም። በየደብሩስ ቢሆን፣ አልነጻሁም ብሎ ከቅጽሩ ውጪ ቆሞ የሚያስቀድሰው ስንቱ ነው? በሰሙነ ሕማማት መስቀል አንሳለምም፣ አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም። ቤተ ክርስቲያናችን መራቅን ታውቅበታለች።

ስለዚህ እኛን የጎዳን መራቁ አይደለም።

የ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ኢትዮጵያ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከአገር ቤት የሚተላለፈውን በስልክ ከፍቼ ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌዋለሁ። ዲያቆኑ "ተንሥኡ" ሲል እኔ ሽንኩርት አቁላላለሁ። "ስግዱ" ሲል ዶሮ አጥባለሁ። መሀል ላይ ሰው ደወለ፣ አነሳሁት። ስመለስ ቅዳሴው አልቋል። "አስቀደስኩ" ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። አላስቀደስኩም። ድምፅ ከፍቼ ወጥ ሠራሁ።

በስልክ ቆማችሁ ማስቀደስ ትችላላችሁ። ነጠላ አድርጉ፣ ምሥራቅ ዙሩ፣ ስገዱ ሲባል ስገዱ፣ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ሌላ መልእክት ዝጉት። ለታመመ፣ ለአራስ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሌለበት ከተማ ሰው በረከት ነው። ግን ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይቆማሉ። ሥጋ ወደሙን ደግሞ ማንም በስክሪን ተቀብሎ አያውቅም። በሩ ሲከፈት መሄድ ነው። በሩ ከተከፈተ ስንት ዓመት ሆነው፣ እናንተ ግን እስከ ዛሬ ሶፋው ላይ ናችሁ! ፒጃማ ለብሳችሁ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ "ዛሬ ስብከቱ ደስ ይል ነበር" ትላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን በ2015 ሚያዝያ ላይ አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ብሏል።

4. ልጆች

እዚህ ላይ ነው ሆዴ የሚቃጠለው።

ግንቦት ላይ ያዘኝ። ከሥራ ነው ያመጣሁት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነበር። እኔ 14 ቀን ቤዝመንት ተዘግቼ ልቀመጥ፣ ልጆቹ ላይኛው ፎቅ ሆኑ። ወንዱ 12 ዓመቱ፣ ሴቷ 8። ጎረቤቴ ምግብ በር ላይ ታስቀምጥላቸዋለች፣ እሱ ደግሞ ለእኔ ደረጃው ላይ ያስቀምጥልኛል። በአራተኛው ሌሊት ሳሉ በረታብኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ልጄ ሰምቶ ወረደና በሩ ሥር ተቀመጠ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "እማ፣ ልጸልይልሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን ምን ተብሎ እንደሚጀመር አላውቅም" አለኝ። ያውም በእንግሊዝኛ።

12 ዓመት ሙሉ በየሰንበቱ ነጭ ልብስ አልብሼ ይዤው ሄጃለሁ። በ40 ቀኑ አስጠምቄዋለሁ። ቆርቧል። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው የሚታደልበትን አዳራሽ ያውቃል፣ ጓደኞቹ የሚቀመጡበትን ጥግ ያውቃል። "አባታችን ሆይ" ግን አያውቅም። ሰው መሀል ሲባል ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፣ እኔም ያንን አይቼ ያውቃል ብዬ ነበር። ቤታችን ውስጥ ጸሎት ሲጸለይ ሰምቶ አያውቅማ! የት ይማረው? እኔ የምጸልየው መኪና ውስጥ፣ ወደ ሥራ ስነዳ፣ ብቻዬን ነው።

ያን ሌሊት በተዘጋ በር እያሳልኩ ሐረግ በሐረግ አስተማርኩት። "ስምህ ይቀደስ" ስለው "ይቀደስ ምንድን ነው?" ይለኛል። "መንግሥትህ ትምጣ" ስለው ዝም ብሎ ይደግማል። እህቱም ነቅታ መጣች። መሀል ላይ ሳሉ ሲያቋርጠኝ ይጠብቁኛል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ሞቼ ቢሆን ኖሮ እኮ ልጄ እናቱን "አባታችን ሆይ" ብሎ እንኳን መሸኘት አይችልም ነበር።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ልጆቻችሁ ያውቃሉ? እውነት ያውቃሉ? ወይስ ከንፈር ነው የሚያንቀሳቅሱት? "ሰንበት ትምህርት ቤት አስገብቻቸዋለሁ" አትበሉኝ። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለዚያውም ግማሹ ልጅ አማርኛ በማይሰማበት ክፍል፣ ያ ምስኪን መምህር ምን እንዲያደርግላችሁ ነው የምትፈልጉት? ያውም በወረርሽኙ ጊዜ እሱም ተዘጋ። የእኛ ክርስትና አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበረች፣ ሕንፃው ሲቆለፍ አብራ ተቆለፈች። እናቴ ቤት ግን ወንድሜ "አርጅተሻል፣ አትውጪ" ብሎ ሲያስቀምጣት ምንም የጎደለ አልነበረም። ውዳሴ ማርያሙ በቃሏ አለ። እግዚኦታው አለ። የሚካኤል ዕለት ዝክር አለ፣ ሰው ባይጠራበትም። ለባዳ ሰው የምትጸልየው እንኳን የታወቀ ሰዓት ነበረው።

ቋንቋውን ደግሞ አትናቁት። "ዋናው እምነቱ ነው፣ በእንግሊዝኛም ይጸለያል" ትላላችሁ። እግዚአብሔር እንግሊዝኛ ይሰማል፣ አልጠፋኝም። አያቱ ግን አትሰማም። አማርኛ የማይችል ልጅ ለነፍስ አባቱ ምን ብሎ ይናዘዛል? እናንተ እያስተረጎማችሁ? 15 ዓመት የሞላው ልጅ ኃጢአቱን በእናቱ አፍ ይነግራል?

ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ትንሽ ነው። ውዳሴ ማርያም በሰባት ቀን የተከፈለ ነው፣ የዕለቱ ድርሻ ረጅም አይደለም። ከእራት በፊት አንድ አንቀጽ፣ ተራ በተራ፣ እየተንተባተቡም ቢሆን። ልጅ ሲሳሳት አትሳቁበት። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ "ዝም ብለህ ጸልይ" አትበሉት፤ እኔ ያንን ብዬ ነው የተቃጠልኩት። ካላወቃችሁት "አላውቅም፣ ቄሱን እንጠይቅ" በሉ። የኅዳር 12ን ጭስ ንገሯቸው። እዚህ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻው ተጠርጎ የሚቃጠለው በ1911 በኅዳር በሽታ ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ እንደሆነ ንገሯቸው። የእኔ ልጅ ይህን ሲሰማ "እኛም ወረርሽኝ ነበረን?" ብሎ ዓይኑ ፈጠጠ። የእናቴ እናት በዚያ ዓመት ሕፃን እንደነበረች ስነግረው ደግሞ ስለ እሷ ሌላ ጥያቄ አመጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ አደርን። በሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት ሥሩላቸው። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ቀቅሉ፣ እግራቸውን እጠቡ። ቀዳም ሥዑር ቄጠማ ብታጡ የጓሮ ሣር ግንባራቸው ላይ እሰሩ። ይህን ለማድረግ የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ አያስፈልግም።

አባቶችም ስሙ። "እናታቸው ታስተምራቸው" አትበሉ። ኳስ ለማየት የምትነቁበት ሰዓት አለ አይደል?

5. ወላጆች

እናቴ በወረርሽኙ ዓመት በየሰኞው ትደውል ነበር። ብቸኝነቱ ከብዷታል። ደጁ ላይ ጎረቤታችን ሙስሊሟ እናት ብቻ ትመጣ ነበር፣ ራቅ ብላ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን ትጠጣለች። ፋሲካችን ባለፈ በአምስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። "እኛም ፋሲካን ቤታችን፣ እነሱም ተራዊሁን ቤታቸው፤ እሷ ለኔ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ ለሷ እጸልያለሁ" አለችኝ እናቴ። ወሎ እንዲህ ነው፣ በሽታም አላስጣለንም።

ከዚያ አንድ ሰኞ "ልጄ፣ የዛሬውን ውዳሴ ማርያም በስልክ አብረን እናድርስ፣ አንቺ አንብቢ፣ እኔ በቃሌ እከተልሻለሁ" አለችኝ። ከሥራ መግባቴ ነበር። "እማ ደክሞኛል፣ በሚቀጥለው" አልኳት። በሚቀጥለውም ደገመች። በሚቀጥለውም ደከመኝ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም። ጥር 2013 ላይ አረፈች። ቀብሯን በስልክ አየሁ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ። ያቺ ጎረቤቷ ከቀባሪው ራቅ ብላ ቆማ ስታለቅስ ታየችኝ። እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ።

ሽፍት ይቀየራል። ድካም ያልፋል። ደውሉና አብራችሁ ጸልዩ፣ ብር ስለ መድረሱ ብቻ አታውሩ።

ወንዱ ልጄ አሁን ኮሌጅ ገብቷል። ሰኞ ሰኞ እሱ ዘንድ ቀትር፣ እዚህ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን ይደውላል። የሰኞውን እሱ ያነባል፣ እኔ እከተላለሁ። "ፈቀደ እግዚእ" ብሎ ይጀምርና "ያግዕዞ" ላይ ሲደርስ አሁንም ይሰናከላል። ቆይቼ እጠብቀዋለሁ፣ እንደገና ከላይ ይጀምራል።