«ወርቁ» የት ነው? ስለ ሂስ ከአንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አብሮ አደግ ጓደኛዬ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሊያስመርቅ ነው። መጽሐፉ አልጣመኝም፤ እርሱ ግን በምረቃው ላይ አስተያየት እንድሰጥለት ለምኖኛል። ምን ልበል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ወዳጅነትን ከሂስ መለየት ይገባል ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ይሁንና በጎንደር ደራሲውን ማታ ቡና ላይ፣ እናቱን ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያገኟቸው ምክሩ ብዙ አያራምድዎትም። ከቅኔ ቤት ልማድ ቢበደሩ ይሻላል። ጀማሪው ተማሪ ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለ ሁለት ቤት (ስንኝ) አጭር ቅኔ ቆጥሮ (አዘጋጅቶ) ሲነግር፣ መምህሩ (ቁጣው እንደተጠበቀ ሆኖ) የተበላሸውን ቃል ነቅሶ ያቃናለታል። እርስዎም «ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት የላቸውም» ከሚሉ፣ «እናትየዋ የልጇን ሞት ስትሰማ እንደ ዜና አንባቢ በተሟላ ዐረፍተ ነገር ትናገራለች» ብለው ገጹን ቢያሳዩት ጓደኛዎ የሚያርመው ነገር ያገኛል። ይህን ግን ከምረቃው በፊት ለብቻው ይንገሩት። በመድረኩ ላይ ከልብዎ የወደዱትን አንድ ምንባብ አንብበው ለምን እንደወደዱት ያስረዱ፤ አንድም ካላገኙ መድረኩን ለሌላ ይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ በየዘፈኑ ውስጥ ፖለቲካዊ ወርቅ ያወጣሉ፤ እኔ የሚታየኝ ሰሙ ብቻ ነው። የሂስ ችሎታ ይጎድለኝ ይሆን? (ከማራኪ ግቢ)

መልስ፦ አይመስለኝም። አዝማሪ ፊት «ተቀበል» እያልን ስንኝ ስናቀብል የኖርን ሰዎች፣ ሰም ብቻ ያለው ግጥም ሲገጥመን የተታለልን ይመስለናል። ወርቅ ግን በኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ፍች በያዘ ቃል፣ ይታወቃል። ለምሳሌ «ገንዘብስ ሞልቶኛል፣ ልብስ የለኝም እንጂ» የሚል ስንኝ ሰማን እንበል። በሰሙ ዘፋኙ የሚለብሰው አጥቷል፤ በወርቁ ግን ቃሉ «ልብ» እና «ስ» ተብሎ ሲፈታ፣ ገንዘብ እንጂ ልብ እንደሌለው ይናዘዛል። ይህን ፍች እኔ አላመጣሁበትም፤ በ«ገንዘብስ» ጫፍ ላይ ያለችው «ስ» አስቀድማ መንገዱን ጠርጋለታለች፤ ገንዘብ የሞላው ሰው ልብስ አጣሁ ማለቱም ስለማይገጥም ጆሯችን ይነቃል። ጓደኞችዎን «እንዲህ ያሰኛችሁ የትኛው ቃል ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ቃሉን ካሳዩዎት ፍቹን ይቀበሉ፤ የዘፋኙን የትውልድ ቦታና የሰሞኑን ወሬ ብቻ ከጠቀሱ ግን ስለ ዘፈኑ መናገር ገና አልጀመሩም።

ጥያቄ፦ ስለ ፊልም ስጽፍ መጨረሻውን መናገር ነውር ነውን?

መልስ፦ ክርክርዎ በመጨረሻው ላይ ካልቆመ አይናገሩ፤ የሚቆም ከሆነ በመጀመሪያው መስመር አስጠንቅቀው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ ሰማሁት እንጂ አላነበብሁትም። ልተቸው እችላለሁን? (ከአራዳ)

መልስ፦ የሰሙትን ትረካ መተቸት ይችላሉ። ወጋየሁ ግን ተዋናይ ነበርና፣ ያሳቀዎት የሐዲስ ዓለማየሁ ዐረፍተ ነገር ይሁን የተራኪው ድምፅ ለመለየት በ1958 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ መግለጥ ያስፈልግዎታል። ጊዜ ካጠረዎት ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ከጉዱ ካሣ ንግግሮች አንዱን ብቻ፣ ያንን ድምፅ በጆሮዎ ላለማስገባት እየታገሉ፣ በዝግታ ያንብቡት። እኔ ሞክሬው ሁለት ጊዜ ተሸንፌአለሁ።